ሁለት ነጥብ

ማኒቶባ ነው፤ መጋቢት፤ ወንዙ በበረዶ ታትሟል፣
የሰው ፍሳሽ ግን ብርድ አያውቅም፣ ከምድር በታች ይተማል፤
ሺህ ሁለት መቶ ሰው ታጥቦ፣ ደፍቶ፣ ከፍቶ የረሳው
ቁልቁል ቁልቁል ወርዶ ወርዶ፣ ኦረስት ነው የሚያነሳው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀበለ።
የድስቱን ጮማ፣ የሳሙናውን አረፋ፣
ሕፃን የሸኘውን የፕላስቲክ ፈረስ፤
አንዴም የጋብቻ ቀለበት፣
ባለቤቷን እስኪያገኛት ሦስት ሳምንት ዞረበት።
አመሰገነችው። የተቀበለችው ግን በመሀረብ ነው፣
ጣቱ ጣቷን እንዳይነካው።

አፍንጫው ነው መሣሪያው።
አረፋው ነጥቶ ሲኩረፈረፍ «ገና ልጅ ነው» ይላል፤
ጠቁሮ ሲወፍር «አርጅቷል፣ ይቀነስለት» ይላል፤
የፓምፑን ጎን በመዳፉ
እንደ ታማሚ ግንባር ዳስሶ ትኩሳቱን ይለካል።
ገንዳው ውስጥ ዓይን የማያያቸው እልፍ በሊታዎች አሉ፤
ረሃባቸውን በጠረን ያውቃል፤ አየር ሲያጥራቸው
ከእንቅልፉ ይነቃል።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ።
«የሙያ ማረጋገጫ፣ ደረጃ ሁለት።
ይህ የሌለው ሰው ከመስከረም ወዲያ
ቫልቭ አይነካም፣ መዝገብ አይፈርምም፤
ልምድ ብቻውን አይበቃም።»
አንብቦ አጠፈው፤ ሱሪው ኪስ ውስጥ ረሳው።
ስላቭካ ልብስ ስታጥብ ረጥቦ አገኘችው።

ስላቭካ ሚስቱ ናት፤ ሃያ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ የነዳች፣
የኋላ ወንበር ሹክሹክታ ከመሪው ላይ የምትሰማ።
የአምናውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ቆራርጣ ካርድ ሠራች፤
ፊቱ ጥያቄ፣ ጀርባው የቅዱስ ኒኮላስ ጢም።
«ርዝመቱ ሃያ፣ ወርዱ ስድስት፣ ጥልቀቱ አራት፤
በቀን አራት መቶ ሰማንያ ሜትር ኩብ ቢገባበት፣
ውሃው ስንት ሰዓት ይቆያል?»
«እስኪበቃው።»
«ስሌቱን፣ ኦረስት!»
«ስሌቱ ምን ይሠራልኛል፣ አየዋለሁ እኮ!»
«ሃያ አራት ሰዓት» አለች ስላቭካ፣
ካርዱን ሳትገለብጥ።

ዊኒፔግ፣ መቶ ጥያቄ፣ ሦስት ሰዓት።
በጨለማ የፓምፕ ብሎን የሚፈታ እጅ
ሦስት እርሳስ ሰበረ።
እሷም አጠገቡ ተቀምጣለች፣ ለደረጃ አንድ፤
«መኪና ውስጥ ከምበርድ» ብላ ነው የተመዘገበችው።

ማለፊያው ሰባ። ኦረስት ስልሳ ስምንት።
ስላቭካ ዘጠና አንድ።

በእኛ ፊደል፣ ድሮ፣ ሁለት ነጥብ
በቃልና በቃል መካከል ይቆም ነበር፤
አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይወድቅ።
ዛሬ ቦታውን ለባዶ ለቋል።
ኦረስት ይህን ከየት ይወቅ?
እሱ የሚያውቀው ወደ ቤት ሲነዱ
ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አልተናገረም፤
ከዚያ ስላቭካ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣
ከዚያ መስኮቱን ከፍታ ብርድ አስገባች።

ሰዓት ያለው ወረቀት የለው፣
ወረቀት ያላት ሰዓት የላት።
ማዘጋጃ ቤቱ ሰልጣኝ ብሎ ቀጠራት፤
ከጎረቤት ከተማ ሐሙስ ሐሙስ
ባለ ደረጃ ሁለት ጎረምሳ መጥቶ ይፈርምላታል፣
ቦት ጫማው እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቆ።

ማክሰኞ ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው።
እሷ የእሱን ቦት በካልሲ ጠቅጥቃ ገንዳው አፋፍ፣
እሱ ከኋላ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፤
ሕግ ነው፣ አይነካም።
«ምን ይሸትሻል?»
«ምንም።»
«እንደገና።»
ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።
«አፈር» አለች፣ «ዝናብ የጠጣ አፈር።»
«ጤነኛ ነው» አለ። «ሰዓቱን ጻፊ።»

ጻፈች። የማረፊያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ
የቅዱስ ኒኮላስ ጢም ተዘርግቶ ይጠብቀው ነበር፤
ፈተናው በጥቅምት ይደገማል።

ከታች፣ የጠራው ውሃ ወንዙን በሚገናኝበት፣
በረዶው ክብ ሆኖ ተከፍቷል፤
ጥቁር፣ ለብ ያለ፣ እንፋሎት የሚተፋ፤
ዳክዬዎች ክረምቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፣
ከየት እንደመጣ አይጠይቁም።